የትርንጎ ጓሮ

በመተማ የሚያዝያ ጸሐይ ቀልድ አያውቅም። ሰው የጓሮ አትክልቱን ማጠጣት ካለበት ወይ ወፍ ሲንጫጫ ነው፣ ወይ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ነው፤ በመካከሉ ያፈሰሰው ውሃ ሥር ሳይደርስ እንፋሎት ሆኖ ይቀራል፤ ቅጠሉንም ይቀቅለዋል። እኔ የማታውን እመርጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ሲግል የዋለው ጥቁር አፈር የመጀመሪያዋን ጣሳ ሲቀበል የሚሰጠው ሽታ አለ፤ ሽቶ ብለው ቢሸጡት እገዛው ነበር። ልጆቼ የውሃ ጎማ ገዝተውልኛል፤ አንድ ትልቅ የላስቲክ በርሚልም በባጃጅ በሚመጣ ውሃ እየተሞላ ይቀመጥልኛል። እኔ ግን አሁንም በጣሳ እየቀዳሁ፣ በየሥሩ ጎንበስ እያልኩ ነው የማጠጣው። ጉልበቴ ይቆጣኛል፤ ቁጣውን ለምጄዋለሁ።

ዘንድሮ አንድ እንግዳ የመጣብኝ በዚያ ሰዓት ነው። ባሚያው ሥር ጎንበስ ብዬ ሳለ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ቀና ስል ነጭ ጀላቢያው በመንገድ አቧራ የቀላ፣ ከዘራ የያዘ ቀጭን ሽማግሌ ቆሟል። ከወዲያ ማዶ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተነሳ ጀምሮ እንዲህ ያለ ሰው ደጄ ላይ ማየት ብርቅ አይደለም። በገላባት በኩል በእግሩ ተሻግሮ ውሃ የሚጠይቅ፣ ጥላ የሚጠይቅ፣ ዘመድ የሚያፈላልግ በየቀኑ አለ።

"እንዴት ዋሉ አባቴ" አለኝ። "ይህ የሞላ ቤት ነው? የትራክተር ነጂው የሞላ?"

"ነው፤ ሞላ እኔ ነኝ። አንቱ ማን ነዎት?"

ዓይኑን ከእኔ ላይ አንስቶ ጓሮውን ቀስ ብሎ ቃኘው፤ ቲማቲሙን፣ ቃሪያውን፣ ጅርጅር የሚሉትን የሰላጣ ቅጠል፣ መጨረሻ ላይ ባሚያውን። ከዚያ "ባሚያውን አቀራርበው ተክለውታል" አለ። መልኩን ጊዜ ወስዶት ነበር፤ በዚህች አነጋገሩ ግን አወቅኩት። ኢድሪስ ነው። ካየሁት አርባ ዓመት ያህል ሆኖኛል።

"ኢድሪስ፣ አንተ ነህ እንዴ?" አልኩት። አንቱታው ከሁለታችንም አፍ በአንድ ጊዜ ወደቀ። አጥሩን ከፍቼ አስገባሁት፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ከዚያ፣ ገና እጄን ሳይለቅ፣ "ትሪንጎስ? ደህና ናት?" አለኝ።

ትርንጎ ባለቤቴ ነበረች። ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ስሟን እንደዚያ ረገብ አድርጎ፣ አረብኛ አስመስሎ የሚጠራት በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነበር። "ትሪንጎ" ሲል ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቆንጠጥ አደረገኝ፤ ይህን ያህል ዘመን ያልነካኝ፣ የሞተ የመሰለኝ ነገር። ሰባን ያለፈ ሰው፣ ሚስቱን የቀበረ ሰው ይቀናል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ቀናሁ። "መጀመሪያ ተቀመጥ፣ ውሃ ጠጣ" አልኩት፤ ወንበርና ውሃ ላመጣ ወደ ቤት ገባሁ። ጥቂት መዘግየት አስፈልጎኝ ነበር።

መተማ ያኔ ሌላ ነበረች። አሁን የጭነት መኪናው ሰልፍ ከኬላው እስከ ከተማው ራስ ድረስ በሚቆምበት መንገድ ላይ ያኔ ፍየል ተኝታ ታመነዥክ ነበር። ከጉምሩኩ ዝቅ ብሎ ባለችው ማዕዘን አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ስኳሩ የሱዳን፣ ብርጭቆው ወገቡ የቀጠነ። ባለቤቱ ቴፑን በር ላይ አስቀምጦ የሱዳን ዘፈን ሲያስለቅሰው ይውል ነበር። ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ድምፁን ይጎትታል፤ እኛም እንደዚያው ጎትተን እንዘፍነው ነበር። እኛ ማለት ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ወርደን እዚያው የቀረነው ነን፤ ከወገራው፣ ከጎጃሙ፣ ከወሎው። ኮንጎ ጫማ፣ ቴትሮን ሸሚዝ፣ አንገት ላይ ጣል የተደረገ ፎጣ፤ በዚያ ላይ ትንሽ ሽቶ ከተረፈ ሰው ራሱን ጌታ አድርጎ ይቆጥር ነበር። እኔ ደግሞ ትራክተር መንዳት ተምሬ ነበርና ከጌቶቹም በላይ ጌታ ነበርኩ። በዚያ ኩራቴ አገሬ ወጥቼ ትርንጎን አግብቼ ወረድኩ።

ሠርጉ በጥር ነበር፤ መተማ የደረስነው የካቲት ሲጋመስ። እሷ ጧት ጧት ውርጭ የሚጥልበት አገር ልጅ ናት። ከመኪናው ስትወርድ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ "ሞላ፣ እሳት ነድዶ ነው?" አለችኝ። "የለም፣ ነፋሱ ነው" አልኳት። እናቷ በጨርቅ ቋጥራ የሰጠቻትን የጎመን ዘር በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን ከጎጆው ጀርባ ዘራችው። በቀለ። መጋቢት ሲገባ ግን ጎመኑ ጧት ቆሞ ከሰዓት በኋላ ተኝቶ ይገኝ ጀመር፤ ጥቂት ሰንብቶ እንደ ትምባሆ ቅጠል ደርቆ በእጅ ሲነኩት ይፈረከስ ነበር። የቻልኩትን ገዛሁላት። አበባ ያለበት የሱዳን ቀሚስ፣ ፔርሙስ፣ የኢናሜል ሳህን፣ ትንሽ ቴፕ። ሁሉንም "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ማታ ማታ በር ላይ ትቀመጥና ደጋው ወዳለበት፣ ሰማዩ ሰማያዊ ጭስ ወደሚመስልበት ወገን ትመለከታለች። አንድ ማታ ሳልጠይቃት "እዚህ አገር የሚበቅል ነገር የለም፤ እኔም አልበቅልም። ሰኔ ሲዘንብ ወደ እናቴ እመለሳለሁ" አለችኝ። ተቆጥታ ቢሆን እከራከር ነበር፤ እሷ ግን ያለቀለት ነገር እንደሚነግር ሰው ነው በቀስታ የተናገረችው።

በዚያው ሰሞን ለምንጠራ ሥራ ወደ አብደራፊ ተጠራሁ። ዝናም ሳይመጣ አዲስ መሬት ማጽዳት ነው፤ ትራክተር ላይ ስትውል ብረቱ ያቃጥልሃል፣ አቧራው ከላብህ ጋር ተለውሶ ፊትህ ላይ ይደርቃል። ሁለት ወር ያህል ቆየሁ። አንድም ቀን ስለ እሷ ሳላስብ አልተኛሁም። የማስበውም ስመለስ ጎጆው ባዶ ሆኖ፣ ቁልፉ ጎረቤት ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ነበር።

የተመለስኩት ግንቦት መጀመሪያ ላይ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። መኪናው ሻይ ቤቷ ማዕዘን ላይ አወረደኝ። በየግቢው አልፌ ስሄድ መሬቱ ሁሉ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ውሻ እንኳ አልጮኸብኝም፣ ሙቀቱ አፉን ይዞታል። ቤቴ ስደርስ የማሽላ አገዳ ጫፍ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብሎ አየሁ። ሱዳኖች ራኩባ የሚሉት ዓይነት ዳስ ጓሮዬ ውስጥ ተሠርቷል፤ ከሥሩ አረንጓዴ ነገር ይታያል። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። አልሄደችም ማለት ነው። እቃዬን መሬት አስቀምጬ በአጥሩ ክፍተት አየሁ። መደቦቹ ከፍ ብለው የተሠሩ አይደሉም፣ ውሃ እንዲይዙ ጎድጎድ ተደርገዋል። ባሚያው ወገብ ደርሶ ቢጫ አበባውን ከፍቷል። ትርንጎ እጅጌዋን ሰብስባ በአንደኛው መደብ ጫፍ ቁጢጥ ብላለች፤ በሌላው ጫፍ ኢድሪስ ከቆዳ ስልቻ ውሃ እየቀነሰ ያፈሳል። አንድ ነገር አላት። ምን እንዳላት አልሰማሁም። እሷ ግን ሳቀች። ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች። ከተጋባን ጀምሮ ሳቋን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነበር፤ ያሳቃት ግን እኔ አልነበርኩም።

ኢድሪስ ውሃ አመላላሽ ነበር። እናቱ የእኛው አገር ሰው፣ አባቱ የሱዳን፣ የገዳሪፍ ሰው። ሁለት አህዮቹን ይዞ ከከተማው በታች ወዳለው ወንዝ ይወርዳል። ወንዙ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ አሸዋውን ቆፍረህ ትጠብቃለህ፣ ውሃው ከሥር ቀስ ብሎ ይሰበሰባል። እሱን በስልቻ ሞልቶ በየቤቱ ያድላል። በእኔ ዕድሜ ነበር፤ ከእኔም የሚያምር አይደለም ብዬ ራሴን ደጋግሜ አጽናንቻለሁ። ግን ጀላቢያው ሁልጊዜ ንጹሕ ነበር፤ በዚያ ሁሉ አቧራ ውስጥ እንዴት እንደሚያነጻው እስከ ዛሬ አልገባኝም። አህያውን በዱላ አይመታም፣ ያፏጭለታል። ለእኔ ሚስት የባሚያና መሎኽያ የሚሉት የወጥ ቅጠል ዘር ከማዶ አምጥቶ "ይህ ሙቀት ይወዳል፤ ጎመንሽን ለደጋው ተዪለት" ያላት እሱ ነው። ዳሱንም እሱ ነው የተከለው። ይህን ሁሉ ትርንጎ ራሷ ነገረችኝ፤ ምንም ሳትደብቅ፣ ዓይኗ እያበራ። ያልደበቀችኝ መሆኑ ይበልጥ አንገበገበኝ። የሚደበቅ ነገር ቢኖር የት ላይ እንደምቆጣ አውቅ ነበር።

ያን ማታ ባሚያውን በሥጋ ሠርታ አቀረበችልኝ። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እስክጎርስ ጠበቀች። "እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ያዳልጣል" አልኳት።

ደህና ነበር። እውነቱን ለመናገር ከደህናም በላይ ነበር። ፊቷ ሲጠቁር አየሁ፤ ሳህኑን ግን ጠርጌ በላሁት።

ወደ አብደራፊ መመለስ ነበረብኝ፤ ቀሪውን ሥራ ለጓደኛዬ ለቅቄ ቀረሁ። ለትርንጎ "ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው" አልኳት። በማግስቱ ከእሷ ዳስ ትይዩ የራሴን መደብ ቆፈርኩ። ሽንኩርትና ጎመን። የአገሯን ጎመን በዚህ ሐሩር አብቅዬ ላሳያት ነው። ኢድሪስ ያመጣውን ውሃ ለእኔ መደብ አላስነካም አልኩና ሁለት ቆርቆሮ በእንጨት ጫፍና ጫፍ አንጠልጥዬ፣ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ገና ጎህ ሲቀድ ወደ ወንዙ እወርድ ጀመር። እዚያ ደግሞ ማን ይጠብቀኛል? ኢድሪስ። ጉድጓዴን አጠገቡ እቆፍራለሁ፤ የእሱ ውሃ ቶሎ ይሞላል፣ የእኔ ይደፈርሳል። "ትንሽ ወደዚህ ሳበው፣ አሸዋው እዚህ ጋ ይጠራል" ይለኛል። አልሰማም። ሞልቼ ስነሳ እንጨቱን ትከሻዬ ላይ የሚያስቀምጥልኝ እሱ ነው። "አላህ ያበርታህ" ይለኛል፤ "አሜን" እለዋለሁ። እንዲህ ያለ ባላንጣ አይስጥህ። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሽንኩርቱ እንደምንም ተያያዘ። ጎመኑ ግን የእናቷ ዘር እንደሆነው ሁሉ ጧት ይቆማል፣ ከሰዓት ይተኛል። ከሰል አቀጣጥለው ያናፈሱበት ይመስላል። እኔ ከሥሩ ተቀምጬ በጆንያ ሳራግብለት ትርንጎ ከዳሷ ሥር ታየኛለች። አትስቅብኝም። ኢድሪስ ሲመጣ እኔ ሆን ብዬ ከግቢው አልወጣም። እሱም እኔ መኖሬን እንዳላወቀ ሰው፣ "እንዴት ዋልሽ ትሪንጎ? ዛሬ ነፋሱ እንዴት አደረገሽ?" ይላታል። እሷም ትነግረዋለች፤ እባብ አየሁ፣ ቲማቲሙን ወፍ ቀማኝ፣ እናቴን በሕልሜ አየኋት። ለእኔ ያልነገረችኝን እናቷን በሕልሟ ማየቷን ከሽንኩርት መደብ ውስጥ ሆኜ፣ ለሌላ ሰው ስትነግር ሰማሁ። ያን ቀን ሽንኩርት እየነቀልኩ መሆኔን ያወቅኩት እጄ ላይ ሳየው ነው። አረም የምነቅል መስሎኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ኢድሪስ ሳይመጣ ቀረ። በማግስቱም ቀረ። ወንዝ ላይ ሳየው ጉድጓዱን ከእኔ ርቆ ቆፍሮ አገኘሁት፤ ከሩቅ እጁን አነሳልኝና ጎንበስ አለ። አሸነፍኩ ብዬ ወደ ቤቴ እየዘፈንኩ ወጣሁ። ትርንጎ ግን ዝም አለች። ሥራዋን ትሠራለች፣ ባሚያዋን በእኔ ውሃ ታጠጣለች፣ ግን ዝም። ድሉ ሁለት ቀንም አልቆየልኝ። ናፍቃው ነው ብዬ አሰብኩ፤ ያ ሐሳብ ከጸሐዩ ይልቅ አደረቀኝ። በመጨረሻ አላስችል ብሎኝ፣ እሷ ዳሱ ሥር ቅጠል ስትለቅም፣ "ኢድሪስን ፈልገሽው ነው?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። አልደነገጠችም። "የሚያናግረኝ ሰው ነው የምፈልገው" አለች። "አንተ ቀኑን ሙሉ ከሽንኩርቱ ጋር ትውላለህ። ስትገባ ደግሞ 'ምን ሠራሽ' ትለኛለህ። 'እንዴት ዋልሽ' ብለኸኝ ግን አታውቅም። እዚህ አገር ከመጣሁ እንዴት ዋልሽ ያለኝ ውሃ አመላላሹ ብቻ ነው።"

ወጥቼ ሻይ ቤቷ ሄድኩ፤ ሻዩንም ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። በማግስቱ ማታ ጣሳዬን ይዤ ሄጄ በመደቧ ጫፍ፣ ኢድሪስ ቁጢጥ ይልበት በነበረው ቦታ ቁጢጥ አልኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። "ትርንጎ፣ እንዴት ዋልሽ?" አልኳት። ምርመራ ላይ የተቀመጠ ሰው ድምፅ ነበር የወጣኝ። መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ አልቻለችም፤ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። የሳቀችው በእኔ ላይ ነው፤ ይሁን አልኩ። ሳቋ እስኪያልቅ ጠብቄ ደግሜ ጠየቅኳት፤ ያኔ ነገረችኝ። ስለ እናቷም ነገረችኝ።

ግንቦት ሲያልቅ ሙቀቱ ባሰ። አሸዋው ውስጥ ያለው ውሃ እየሸሸ ሄደ፤ እስከ ትከሻ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍረህ የምታገኘው ግማሽ ቆርቆሮ ነው። ለመጠጥ፣ ለማብሰያ ከተነሳ በኋላ የሚተርፈው ለአንድ ሰው መደብ ብቻ ነበር። ትርንጎ "ሽንኩርትህን አጠጣ፤ ደክመህበታል" አለችኝ። ሽንኩርቱን ለጸሐይ ለቀቅኩት፤ ጎመኑማ ቀድሞ ሄዷል። ያችን ውሃ ሁሉ ለባሚያዋ አደረግኩት። የሰውየው ዘር ነው፤ አውቃለሁ። እያንዳንዱን ሥር ሳጠጣ አውቅ ነበር። ሰኔ መጣ፣ ዝናሙ ጣለ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ ወደ ደጋ የሚወጣው መኪናም በበራችን አልፎ ሄደ። ትርንጎ ዳሱ ሥር ቆማ አሻግራ አየችውና የተሰጣ ልብስ ከዝናሙ ልታነሳ ሄደች። መሄድ የሚባል ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። በዚያው ክረምት ኢድሪስ አህዮቹን ሸጦ ማዶ ተሻገረ፤ ገዳሪፍ ሚስት አገባ ሲባል ሰማሁ። ወሬውን ለትርንጎ ስነግራት ፊቷን አጥብቄ አየሁት። "እሰይ፣ ደግ ሰው ነው" አለች። ሌላ ምንም አላገኘሁም።

ልጆች ወለድን፣ አሳደግን። ጎጆው ቆርቆሮ ቤት ሆነ፤ ስልቻው ቀርቶ ጀሪካን መጣ፤ ጀሪካኑ ቀርቶ ቧንቧ መጣ፤ ቧንቧውም ባሰኘው ቀን ይመጣል። ትርንጎ በየዓመቱ ባሚያ ትተክላለች። እኔም በየዓመቱ፣ ስትዘራ ፊቷን አያለሁ፤ አህያ ሲያናፋ ፊቷን አያለሁ። የሚታይ ነገር አልነበረም። ቅናት የሚበላው ሲያጣ ይሞታል ሲሉ እሰማለሁ፤ የእኔው በትንሽ የሚኖር ዓይነት ነበር። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ በበጋው መጨረሻ ታመመችና አረፈች። ለቅሶው ላይ እንባ እምቢ አለኝ። ሰው "ሞላ ጠንካራ ነው" አለ። ጠንካራ አልነበርኩም። ውስጤ ያለው ሁሉ ደርቆ ነበር።

ይህን ሁሉ ይዤ ነው እንግዲህ ለኢድሪስ ወንበርና ውሃ ይዤለት የወጣሁት። ጠጣ። ብርጭቆውን ሳይመልስልኝ ዓይኑን ወደ ቤቱ በር ላከ፤ እሷ እስክትወጣ የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነው።

"አርፋለች ኢድሪስ" አልኩት። "ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው።"

ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። ጥምጣሙን ፈታ፣ ፊቱን ሸፈነበትና አለቀሰ። ድምፅ አውጥቶ፣ የራሱን ሰው እንደቀበረ ሰው አለቀሰ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ተመለከትኩት። ሰው በእንግዳ እንባ ይጽናናል እንጂ ይቀናል? ቀናሁ። እኔ ላለቅስላት ያልቻልኩትን እሱ በአንድ ቃል አለቀሰው። ሲበርድለት ፊቱን እንዲታጠብ ውሃ አፈሰስኩለት። ከዚያ አርባ ዓመት የያዝኩትን ጠየቅኩት።

"ያኔ ውሃ ማምጣት ለምን ተውክ?"

"አልነገረችህም?"

"አልነገረችኝም።"

"እንግዲህ እኛም ወደዚያው ነን፤ ልንገርህ" አለ። "አንተ ወንዝ ወርደህ ሳለ ሞኝነት ያዘኝ። 'አገሬ እገባለሁ ስትዪ ሰምቻለሁ፤ ከምትመለሺስ ከእኔ ጋር ገዳሪፍ እንሂድ' አልኳት። ወላሂ አልጮኸችም። 'ውሃውን አውርድና ሂድ፤ ከነገ ጀምሮ አትምጣ' አለችኝ። በሩ ጋ ስደርስ ጠራችኝ። ሐሳቧን የለወጠች መስሎኝ ልቤ ዘለለ። 'ቆይ' አለችኝ፤ 'ይኸ ባሚያ የሚቀጠፈው አበባው በረገፈ በስንት ቀኑ ነው?'"

ሳልወድ ሳቅኩ። እሷን ነው፤ ራሷን ነው የሰማሁት። እሱም ሳቀ። ጥርስ የጎደለን ሁለት ሽማግሌዎች ጓሮው ውስጥ እስክንስል ድረስ ሳቅን፤ ሳቁ መካከል ላይ የእኔ እንባ መጣ፤ ሁለት ዓመት እምቢ ያለኝ እንባ። ኢድሪስ በተራው ውሃ አፈሰሰልኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እስኪወስደኝ ስቆጥር የነበረው ቀኑን ነው። እሷ እሱን ሂድ ያለችው እኔ 'እንዴት ዋልሽ' ከማለቴ በፊት ነው። ገና ከሽንኩርት ጋር የምውል፣ የበላሁትን ያዳልጣል የምል ሰው ሳለሁ ነው የቀረችልኝ። ዝም ያለችውም በናፍቆት አልነበረም፤ ያንን ብቻዋን ይዛ ነበር። ይህ ደስ አለኝ፤ እጅግ ደስ አለኝ። ነገር ግን ከእኔ ጋር በኖረችው ዘመን ሁሉ ለእኔ ያልሰጠችኝ አንዲት ቀን ነበረች፤ ያቺን ቀን የያዘው ይህ የገመድ አልጋዬ ላይ ተኝቶ የሚያንኮራፋው ሰው ነው። እሷንም ቀናሁባት።

የኢድሪስ ልጅ ቀድማ ወጥታ ጎንደር ቤት ተከራይታ ነበር፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ነበርና እስኪከፈት እኔ ጋር ሰነበተ። በመጀመሪያው ጧት ስነሳ ጣሳውን ይዞ ባሚያው ጋ ቆሞ አገኘሁት። "ላጠጣ?" አለኝ።

"የእሷን መደብ እኔ ነኝ የማጠጣው" አልኩት። "አንተ ቲማቲሙን አጠጣ።"

ፈገግ አለና ወደ ቲማቲሙ ሄደ። ከዚያ በኋላ እንዲያ ሆነ፤ ጧትና ማታ እኔ በአንድ ጫፍ፣ እሱ በአንድ ጫፍ። ስለ እሷ እናወራለን። እሱ ያቺን አንድ በጋ ያውቃል፣ እኔ የቀረውን። አንዳንዴ እኔ የማላውቀውን ያነሳል፤ ያኔ ቃሪያ አቀብለኝ ብዬ ወሬ አስቀይረዋለሁ። ልጁ መጥታ ስትወስደው ሚኒባሱ ድረስ ሸኘሁት። "እንግዲህ በሰላም ግባ" አልኩት፤ ወደ ቤቴ ስመለስ ቀለል ያለኝ መሰለኝ።

በማግስቱ ማታ ብቻዬን አጠጣሁ። በሦስተኛው ቀን ስለ እሷ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ የምነግረው ሰው ፈልጌ ቀና ስል ቲማቲሙ ብቻ ነው ያለው። ልጆቼ እናትነቷን ያውቃሉ እንጂ ያቺን ከመኪና ወርዳ "እሳት ነድዶ ነው?" ያለችውን ልጅ አያውቋትም። ስልኬን አወጣሁና ደወልኩለት።

"ኢድሪስ፣ የቲማቲሙ ቅጠል ተጠቀለለብኝ" አልኩት።

"ጥላ አድርግለት" አለኝ። "ውሃውንም ቅጠሉ ላይ አታፍስስ፣ ከሥሩ ብቻ።"

"እሱን እኔም አውቃለሁ" አልኩት፤ ስልኩን ግን አልዘጋሁትም።